ቆለጤን በማይክሮስኮፕ ያየሁ ዕለት

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መካኗ ሚስቴ ነበረች። እኔ እንዴት ልሆን እችላለሁ? ዛሬ ተላጭቼ ነገ ጠዋት ጉንጬ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ድምፄ ግድግዳ ያልፋል። አልጋ ላይ ማንም አላማረረብኝም። በተወለድኩበት አገር ወንድ የሚመረመርበት ሌላ መሣሪያ አልነበረም፤ ጺም፣ ድምፅና አልጋ፣ አለቀ።

እናቴ ሚስቴን በስሟ አትጠራትም። በስልክ ስንገናኝ "በቅሎዋ ደህና ናት?" ነው የምትለኝ። አንድ ቀን እንኳ "ተይ እማዬ" ብያት አላውቅም። እንዲያውም አንዳንዴ እስቅ ነበር። ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። የሆነው ይኸው ስለሆነ ነው።

ከዘጠኙ ዓመት ሦስቱን አገር ቤት አብረን ኖረናል። በነዚያ ሦስት ዓመታት ያላደረስኳት ጸበል የለም። ሌሊቱ ሳይለቅ ተነስተን እንሄዳለን፤ እሷ በብርዱ ትጠመቃለች፣ እኔ ልብሷን ይዤ ውጭ እጠብቃለሁ። አንድ ጊዜ አጥማቂው ቄስ "አንተስ ልጄ፣ አትጠመቅም?" ቢሉኝ "እኔ ምን ሆኜ አባቴ?" አልኳቸው። እሷ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ሰማችኝ።

ከዚያ እሷ ቀድማ ወደ ሙስካት መጣች። አል ሙዋሌህ አንድ ቪላ ውስጥ ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። በዓመቱ እኔን በአሠሪዎቿ በኩል አስመጣችኝና ሩዊ ያለ የግል ላቦራቶሪ ሾፌር ሆንኩ። ዋዲ ዓዳይ አንዲት ክፍል ተከራየን፤ እሷ እዚያው ቪላው ታድራለች፣ አርብ አርብ ትመጣለች። ልጅ አለመምጣቱን የሚጠይቀን ሰው ሲገኝ "በሳምንት አንድ ቀን እየተያየን ከየት ይምጣ" እል ነበር። ሰበብ ጥሩ ነገር ናት፤ ሦስቱን የአገር ቤት ዓመት ታስረሳሃለች።

ሥራዬ ከየክሊኒኩ የተቆረጠ ሥጋና የተቀዳ ደም በሣጥን ጭኖ ማምጣት ነው። ስጀምር ማንበብ አልችልም ነበር። በቀለም ነበር የምሠራው፦ ቀይ ክዳን ደም ነው፣ ንጹሕ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ውስጥ የተቀመጠ ሥጋ የሐጂ ነው፣ ቢጫ ፈሳሽ ውስጥ ያለም የሐጂ ነው። ሐጂ የምለው የላቦራቶሪውን ሽማግሌ ባለሙያ ነው። ሱዳናዊ ነው፤ ገዳሪፍ ከእኛ ሰዎች ጎረቤት ስላደገ አማርኛን እየሰባበረም ቢሆን ይናገራል። ሥጋውን በሰም ውስጥ አድርጎ፣ ከወረቀት አሳስቶ ቆርጦ፣ ቀለም አጠጥቶ በመስታወት ላይ የሚዘረጋው እሱ ነው። ዶክተሩ አይቶ ከመፈረሙ በፊት እሱ ያያል።

ቢጫው ፈሳሽ ምን እንደሆነ ያወቅኩት ሐጂ አንድ ክሊኒክ ላይ በስልክ ሲጮህ ሰምቼ ነው። "ኩላሊት ነጭ ውሃ! ጡት ነጭ ውሃ! ቆለጥ ግን ቢጫ! ስንት ጊዜ ልናገር?" ስልኩን ዘጋና ወደ እኔ ዞረ። "ቆለጥ እንደ ሌላ ሥጋ አይደለም ያ ዞል፣ አንተ ሰው። ነጭ ውሃ ውስጥ ካደረ ይሸበሸባል። ውስጡ ከዳሩ ይለቃል።" እኔም ሳቅኩ። ያኔ የሰው ቆለጥ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ላቦራቶሪው ዕቃው ሁሉ በስም ይመዝገብ ሲል እንዳልባረር ፈራሁ። ያስተማረችኝ ሚስቴ ናት። አርብ አርብ፣ መጀመሪያ የኛን፣ ቀጥሎ ስም ለማንበብ የሚበቃኝን ያህል የፈረንጁን። ስሳሳት አትስቅም ነበር። እኔ በእሷ ስቄያለሁ፤ እሷ ግን በእኔ አልሳቀችም።

እንግዲህ በዚህ ዓመት ከጾሙ በፊት እናቴና አጎቴ ቆርጠው ነገሩኝ። በቃ፣ ሴትዮዋን ሸኛት፤ ከፋሲካ በኋላ ና፣ ልጅ አይተንልሃል። አጎቴ በማኅበሩ ጽዋ ላይ፣ የአገር ሰው በተሰበሰበበት፣ "ልጃችን መካን አግብቶ ዕድሜው አለቀ" ብሎ ተናግሯል። ነገሩ የቤት ወሬ መሆኑ ቀርቶ የአገር ጉዳይ ሆነ። እኔ ምን አልኩ? "እሺ" አልኩ።

በዚያው ሰሞን በአንዱ አርብ ሚስቴ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣

"ማዳሜ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ" አለችኝ።

"ምን ሆነሽ?"

"አልወልድም ብዬ ነግሬያት ነዋ። ሁሉንም አዩኝ። ምንም የለብሽም አለ ሐኪሙ። ባልሽን አምጪ አለ።"

"እኔን? እኔ ምን ሆኜ?"

አየችኝ። "ለቄሱም እንዲሁ ነው ያልካቸው" አለች።

ሄድኩ። የሄድኩት ራሴን ላስመሰክር ነው። ወረቀት ይዤ መጥቼ ፊቷ ላስቀምጠው፣ ለእናቴም ላነብላት፣ ከፋሲካ በኋላ የሚሆነው ሁሉ በሕግ የሆነ እንዲመስል። ዘሬን በኩባያ ሰጠሁ። ነርሷ ወረቀቷን አይታ "ማፊ" አለችኝ። ምንም የለም። ከሳምንታት በኋላ ድጋሚ ሰጠሁ። ማፊ። ሚስቴ "ምን አሉህ?" ስትለኝ "ገና ነው" አልኳት። ጾሙን ሙሉ "ገና ነው" አልኩ።

ሐኪሙ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል አለኝ። አንደኛው፣ ዘሩ ውስጥ እየተሠራ መውጫው ተዘግቶ ይሆናል። ለሱ መላ አለው። ሁለተኛው፣ ከነጭራሹ አይሠራም። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከቆለጡ ምስር የምታህል ቁራጭ ተወስዳ ስትታይ ነው። እኔ የተዘጋ መንገድ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሾፌር ነኝ፤ የተዘጋ መንገድ ይከፈታል።

ለአለቃዬ ቡግንጅ ወጥቶብኝ ነው ብዬ ግማሽ ቀን ወጣሁና አደንዝዘው ቆረጡኝ። በማግስቱ በአንድ ጎኔ ተቀምጬ ስነዳ የደረሰኝ ትእዛዝ፣ አል ሙዋሌህ ያለውን ክሊኒክ ሣጥን አምጣ የሚል ነበር። የተቆረጥኩበት ክሊኒክ። ነርሷ እኔ መሆኔን አላስተዋለችም፤ በዚያ የሥራ ልብስ ውስጥ ሰው አታይም፣ ሾፌር ነው የምታየው። ሣጥኑን ሰጠችኝ፣ ፈረምኩ፣ ወጣሁ።

ልተወው ሞከርኩ። ዋዲ ዓዳይ መገናኛው ጋ ስደርስ ግን ዳር ይዤ ቆምኩና ሣጥኑን ከፈትኩት። ከስድስት ብልቃጥ ውስጥ የኔን ፈለግኩ። ሚስቴ ባስተማረችኝ ፊደል ስሜን አነበብኩ። ከሥሩ የተንሳፈፈችው ነገር ከምስርም ታንሳለች። ፈሳሹ ደግሞ ቢጫ አልነበረም። ንጹሕ፣ እንደ ውሃ።

ተሳስተዋል። ሌላ ሰው ቢያየው ምንም አይታየውም ነበር፤ ሐኪሙ አላየም፣ ነርሷ አላየችም። እኔ ግን በቀለም ለዓመታት የሠራሁ መሃይም ነበርኩ፤ ቀለም አይሸውደኝም። ስልኬን አውጥቼ መደወል እችል ነበር። ለሐጂ ብነግረው ቢያንስ በቶሎ ያየው ነበር። አልደወልኩም። ለምን እንዳልደወልኩ አሳምሬ አውቃለሁ። ይሸብሸብ አልኩ። ይበላሽ። ከተበላሸ የማልወልደው እኔ ነኝ ብሎ የሚፈርም ሐኪም አይኖርም። ድጋሚ እንቁረጥ ቢሉኝ እምቢ እላለሁ፤ ፋሲካ ይደርሳል፣ ነገሩ እንደነበረ በእሷ ላይ ይቀራል። ክዳኑን ገጥሜ ወደ ሩዊ ነዳሁ።

ሐጂ ብልቃጦቹን እየደረደረ ሳለ አንዷን ወደ መብራቱ አነሳት።

"ይሄ ቆለጥ በነጭ ውሃ ማን ከተተ? ያ ረቢ! እነዚህ ሰዎች ጆሮ ማፊ?" ከዚያ ስሙን አነበበ። ብልቃጧን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ብልቃጧን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ቡግንጁ ይሄ ነው?"

"ይኸው ነው።"

"ቀለሙን አይተሃል መንገድ ላይ?"

የርክክብ ወረቀቱን ገፋሁለት። ሐጂ ሞኝ አይደለም።

"ኻላስ፣ በቃ" አለ። "ሐሙስ ከሰዓት ና። ዶክተሩ ሳይመጣ። እኔ የምልህን አልሰማህም፤ ወረቀቱን ዶክተሩ ነው የሚፈርመው።"

ሐሙስ ሄድኩ። ሐጂ ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠኝና መጀመሪያ የኔን አላሳየኝም። "ይሄ የሌላ ሰው ነው። ስም የለውም። ተማሪ ሲመጣ የማሳየው ነው። ጤነኛ ቆለጥ አይተህ አታውቅም፤ ሳታውቅ የታመመውን ምን ታደርገዋለህ?"

ዓይኔን ጣልኩ። መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት ነበር ያየሁት። ቀስ እያለ ግን ጠራ። ሮዝና ሐምራዊ ነው። ክቦች፣ ክቦች፣ እርስ በርስ ተጠጋግተው የታጨቁ ክቦች።

"ምን መሰለህ?"

"የተከተፈ ባሚያ።"

"አይዋ! ባሚያ ነው። ቆለጥ ድፍን ሥጋ አይደለም ያ ዞል። ቱቦ ነው። ቀጭን፣ ረጅም ቱቦ፣ ታጥፎ ታጥፎ የገባ። ስቆርጠው ክብ ክብ ይሆናል። አሁን አንድ ክብ ያዝ። ዳሩን እይ።"

አጎላልኝ። የክቡ ግድግዳ በሴል ላይ ሴል ተነባብሮበታል። ዳር ላይ ትናንሽ ጥቁር ድቡልቡሎች ተደርድረዋል። ከነሱ ከፍ ብሎ ትልልቆቹ፣ ውስጣቸው ክር የተቋጠረ የመሰሉ። ወደ መሃል ሲጠጋ ደግሞ መልሰው ያንሳሉ፣ ብዙ ይሆናሉ። መሃሉ ላይ ባዶው ጋ ሲደርሱ ጭራ ያበቅላሉ።

"ከዳር ይጀምራል፣ ወደ መሃል ያድጋል" አለ ሐጂ። "ዳር ያለው ይከፈላል፤ አንዱ እዚያው ዘር ሆኖ ይቀራል፣ አንዱ ጉዞ ይጀምራል። ከሁለት ወር በላይ ይጓዛል። መሃል ሲደርስ ጭራ አለው፣ ይሄዳል።"

"ይቺ በመሃላቸው ያለችው ረጅሟስ?"

"አየሃት? ጎበዝ። ሞግዚት ናት። እግሯ ዳር ነው፣ ራሷ መሃል። ሌሎቹን አቅፋ ታሳድጋለች። ታበላለች፣ ትጠብቃለች። እሷ ራሷ ዘር አትሆንም።"

ብዙ አየሁ። እውነቱን ልናገር፣ ያምር ነበር። በዚያች ደቂቃ የመጣሁበትን ረስቼ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ሱሪዬ ውስጥ ምን እንደተሸከምኩ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም የማውቀውን ያህል መስሎኝ ስፎክርበት ኖሬያለሁ።

ሐጂ መስታወቱን ቀየረ። "ይሄ አንተ ነህ" አለ።

ክቦቹ አሉ። ግን ትናንሽ ናቸው፣ በመካከላቸውም ስንጥቅ ስንጥቅ ቦታ ተከፍቷል። በየክቡ ውስጥ ያ ድርድር የለም። ትናንሽ ጥቁሮቹ የሉም፣ ክር የቋጠሩት የሉም፣ ጭራ ያለው አንድ እንኳ የለም። ረጃጅሞቹ ብቻ፣ እግራቸው ዳር፣ ራሳቸው መሃል፣ ምንም ሳያቅፉ ቆመዋል። ሌላ ክብ ፈለግኩ። ያው ነው። ሐጂ እጄን ይዞ መስታወቱን እንዴት እንደምገፋ አሳየኝና ራሴ እየገፋሁ ከዳር እስከ ዳር ሄድኩበት። ያው ነው።

"ፈሳሹ ነው" አልኩ። "ነጭ ውሃ ውስጥ አድሮ ነው። አንተ ራስህ ይሸበሸባል ብለሃል።"

ሐጂ መነጽሩን አወለቀ።

"ሸብሽቦታል። እውነት ነው። ይሄ ስንጥቅ የውሃው ነው። ይሄ ከዳር የለቀቀው የውሃው ነው። በቢጫው ቢሆን ሥዕሉ ይጠራ ነበር። ግን ስማኝ ያ ዞል፣ ውሃ ቤት ያፈርሳል እንጂ ሰው አይሰርቅም። ሰው ቢኖርበት ኖሮ ፍርስራሹ ውስጥ ይገኝ ነበር።"

ያ ሁሉ ተንኮሌ፣ ዋዲ ዓዳይ መንገድ ዳር ቆሜ የተመኘሁት ሁሉ፣ የጠቀመኝ ነገር የለም። እንዲያውም ተናድጄ ነበር፤ በራሴ ላይ ሳይሆን በሐጂ ላይ። ተነሥቼ ልወጣ ስል ትከሻዬን ያዘኝ።

"አንድ ነገር ልጨምር። ከክቦቹ ውጭ እይ። በመካከል።"

አየሁ። በክቦቹ መካከል ባለው ክፍተት ሮዝ ሮዝ፣ ወፈር ወፈር ያሉ ሴሎች ተሰብስበው ተቀምጠዋል። በሌላውም ሰው ላይ ነበሩ፤ የኔ ላይ እንዲያውም የበዙ መሰለኝ።

"እነዚህ ጺምህ ናቸው። ድምፅህ ናቸው። አልጋህም ናቸው። ከቱቦው ውጭ ነው የሚኖሩት። ሌላ ሥራ ነው፣ ሌላ ሠራተኛ። ያንተ ጤነኛ ናቸው፣ ማሻላህ።" ፈገግ አለ። "ብዙ ወንድ ይሄንን ያየና ያኛውም አለኝ ይላል።"

ያ ነገር እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። ዘጠኝ ዓመት የማልኩት በነዚህ ነበር። ማስረጃ ብዬ የያዝኩት ሁሉ የጎረቤት ማስረጃ ኖሯል። ጺሜ ስለ ቱቦው የሚያውቀው ነገር አልነበረም። አገሬው ሁሉ በዚህ ነው የሚፈርደው፦ ወንዱ ጺም ካለው የጎደለው ከሴቷ ነው። ስንት ሴት በዚህ ፍርድ ልብሷን ተሸክማ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች? እኔ የማውቃቸው ብቻ ሦስት ናቸው። ከነሱ አንዷ ሌላ አግብታ አራት ወልዳለች፤ የፊተኛው ባሏ ግን አሁንም ጺሙን እያሻሸ የሚያገባትን እየፈለገ ነው። ስንስቅ የነበረው በሷ ነው።

የላቦራቶሪው ዶክተር ፈረመ። የክሊኒኩ ሐኪምም ወረቀቱን አይቶ ያንኑ ነገረኝ። ከቆለጡ ሌላ ቦታ በደንብ ቢፈለግ አንዳንዴ ጥቂት ዘር ይገኛል አለ፤ ቃል ግን አልገባልኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ከሆሳዕና በፊት ያለው አርብ ደረሰ። ሚስቴ ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት የማዳሟን አስቤዛ ልትገዛ አል ሙዋሌህ አትክልት ገበያ ነበረች፤ መኪናውን ይዤ ሄድኩ። ሽንኩርቱንና ድንብላሉን ከኋላ ጭና አጠገቤ ገባች።

"እኔ ነኝ" አልኳት። ሌላ አጀማመር አልመጣልኝም። "የማልወልደው እኔ ነኝ። ውስጤ ዘር የሚባል ነገር የለም። ራሴ አየሁት።"

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አላለቀሰችም። አልጮኸችም።

"መቼ ነው ያወቅከው?"

"ባለፈው ሳምንት ሐሙስ።"

"አይ። የመጀመሪያውን።"

"ከጾሙ በፊት።"

"እና ጾሙን ሙሉ ገና ነው ትለኝ ነበር።"

"አዎ።"

"ከፋሲካ በኋላ የምታመጣትስ ልጅ?"

ደነገጥኩ። "ማን ነገረሽ?"

"እናትህ ስልክ ላይ ድምፅ ዝቅ አታደርግም" አለች። ከዚያ ስልኬን ከዳሽቦርዱ አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። "ደውልላት። እኔ እየሰማሁ።"

ደወልኩ። ድምፁን ከፈትኩት።

"አንተ! ደህና ነህ? በቅሎዋስ?"

"እማዬ፣ በቅሎው እኔ ነኝ።"

"ምን አልክ?"

"የማልወልደው እኔ ነኝ። እሷ ምንም የለባትም።"

"ማን ነው ያለህ? እሷ ናት?"

"ማንም አላለኝም፣ በዓይኔ አየሁ። ቆርጠው አሳዩኝ።"

"ወይኔ ልጄን! ቆረጡህ?"

"ትንሽ ናት እማዬ። ምስር የምታህል።"

"ውሸታሞች! አባትህ ዘጠኝ ወልዷል!"

"አባቴን አላዩም።"

ዶሮዎቿ ሲንጫጩ ይሰማል። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ፤ በመከረችኝ ቁጥር የምታመጣው ድምፅ ነው። "ስማኝ ልጄ። ይቺን ለሰው እንዳትናገር። ለአጎትህም። አንተ ወንድ ነህ፣ ስምህ ይጠፋል። እሷ እንደሆነች ለምዳዋለች።"

ሚስቴን አላየኋትም። ላያት አልቻልኩም። እናቴ ክፉ ሆና አይደለም ያለችው፤ እኔ ዘጠኝ ዓመት ስኖርበት የነበረውን ነው በሦስት ቃል ያስቀመጠችው።

"አጠገቤ ናት እማዬ" አልኩ። "ትሰማሻለች።"

ቀጥሎ፣ "እንደምን አለሽ ልጄ?" አለች እናቴ። በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዋ ናት።

"ደህና ነኝ እማማ" አለች ሚስቴ።

"ለአጎቴ ራሴ እደውላለሁ" አልኩ። "በማኅበሩ ፊት ነው የተናገረው፣ በማኅበሩ ፊት ያንሳው። ያያችኋትንም ልጅ ለሌላ ተዉአት።" እናቴ ዘጋችው።

ሚስቴ ቀበቶዋን አሰረች። "ያላ፣ ማዳሜ ትጠብቀኛለች" አለች። ቪላው በር ደረስን። ሽንኩርቱን ላወርድላት ስል ከእጄ ተቀበለችኝ።

"ይበቃል፣ እችለዋለሁ" አለች። "ስማ። ዘጠኝ ዓመት ምን ልትወስንብኝ ነው እያልኩ ጠበቅሁ። ቡና ሳፈላልህም፣ ፊደል ሳስተምርህም እየጠበቅሁ ነበር። አሁን እኔ ላስብ። አትደውልልኝ። ስጨርስ እደውላለሁ።"

ገባች። አልተከተልኳትም፤ ምን ብዬ?

አጎቴ ተቃውሞ ተቃውሞ፣ በመጨረሻ በጽዋው ላይ ተናግሯል። እንዴት አድርጎ እንደተናገረው አላውቅም፤ ሰው ሲስቅም ይሆናል። ይሳቅ። እናቴ ስልክ አታነሳም። ሐጂ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አላነሳብኝም፤ ቢጫውን ፈሳሽ ግን ለየክሊኒኩ በራሱ እጅ እየሞላ በእኔ ይልካል፣ እኔም ሳደርስ ለነርሶቹ ለምን እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። አንዷ "አንተ በምን አወቅክ?" አለችኝ። ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ስሜን ይዛለች።

ስቅለት አለፈ፣ ፋሲካም አለፈ። ሁለት አርብ አልመጣችም። አልደወለችም፣ እኔም እንዳለችው አልደወልኩም። ብትለየኝ "ለምን?" የምልበት አፍ የለኝም፤ ብትመጣም የሠራሁትን አይፍቀውም። ክፍሉን ጠርጌ፣ አንሶላውን ቀይሬአለሁ። ነገ አርብ ነው።